ቢጫው የታየው ማክሰኞ ነበር

ወንድሜን «እናቴን ገደልህብኝ» ያልኩት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ከየገጠሩ የመጣው በሽተኛና አስታማሚ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሁሉም ሰማኝ። እናቴም ሰምታኛለች። ያኔ ገና አልሞተችም፤ ጭንቅላቷን ወንድሜ ትከሻ ላይ ጥላ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ይህን የምጽፈው ያን ቀን የተናገርኩት ስለከበደኝ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሳልናገር የቀረሁት ይብሳል።

ሰዓዳ እባላለሁ። በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ነበር የምሠራው። ከቤተሰባችን ተምሮ የተመረቀ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ከጅጋም ከማንኩሳም የሚመጣው ገበሬ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ዶክተር አይደለሁም፣ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ» እል ነበር፤ በኋላ ዝም ማለት ለመድኩ። ሰዉ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት እኔን ያማክራል፤ እኔም መልስ አጥቼ አላውቅም። «የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ይለቅሻል» የምትል ንግግር ነበረችኝ። ለማዞሩም፣ ለሆድ ቁርጠቱም፣ ለአፍ ምሬቱም እሷኑ እሰጥ ነበር። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። ሰውን የሚያሳስተው ብዙውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

እናቴ ሐዋ ቡሬ ነበር የምትኖረው። አባታችን ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ይማም አምስት ዓመቱ ነበር። ገበያ ላይ ቅመም እየሸጠች አሳደገችን። ዓይኗን ጨፍና በማሽተት ብቻ የዘንድሮውን ኮረሪማ ከአምናው ትለያለች። ይማም ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ጨርቅ ነጋዴ ሆነ፤ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ጅጋ፣ ደምበጫ እያለ ገበያ ይዞራል። ከእናቴ ጋር አንድ ግቢ የሚኖረው እሱ ነው። ውኃ የሚያስቀዳላት፣ ከገበያ ዕቃዋን የሚሸከምላት እሱ ነው። የሚመክራት ግን እኔ ነበርኩ። ቤታችን ሳንነጋገር እንዲህ ተከፋፍሎ ነበር።

አንገቷ ላይ ያበጠ ንፍፊት ሲከርምባት ተመረመረችና ቲቢ ነው ተባለ። የሳንባ ሳይሆን የንፍፊት ነበር። ለስድስት ወር በየጧቱ የምትውጠው መድኃኒት ተጀመረላት። የቲቢ መድኃኒት ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ኋላ ማዳን ያስቸግራል። ይህን ስለማውቅ በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት እደውልላት ነበር።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥሁ ልጄ።»

«አንድም አልቀረ?»

«አንድም።»

ስልኩን ስዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴን በስልክ እያከምኩ እንደሆነ ነበር የሚሰማኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ግድም ድምጿ ተለወጠ። አንድ ቀን «ምግብ አስጠላኝ» አለችኝ። «ኮረሪማው ሳይቀር ሸተተኝ፤ ገበያ መቀመጥ አቃተኝ።»

«የመድኃኒቱ ጠባይ ነው እማ፣ ይለቅሻል።»

«ያስመልሰኛል እኮ።»

«ትንሽ ዳቦ ቅመሽበት።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ሥራ ላይ ሳለሁ ደውላ ሽንቷ እንደጠቆረ ነገረችኝ። ይህን እየጠበቅኩት ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሽንትን ወደ ብርቱካን ይለውጠዋል፤ ስትጀምር ራሴ ነግሬያታለሁ። «አትደንግጪ፣ ያቀላዋል ብዬሽ የለ?» አልኳት።

«ቀይ አይደለም ልጄ። ቀዩንማ ለመድኩት። ይኼ ሻይ ነው የሚመስል፤ የከረመ ሻይ።»

«ያው ነው» አልኳት። ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር።

ያው አልነበረም። ብርቱካን የሚመስለው የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ምንም አይደለም። እንደ ከረመ ሻይ የሚጠቁረው ግን ጉበት ሲጎዳ ሐሞቱ ደም ውስጥ ገብቶ በሽንት ሲወጣ ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ሁለቱን ለይታ ነገረችኝ፤ የተማርኩት እኔ መልሼ አንድ አደረግኋቸው።

ጤና ጣቢያ መድኃኒቷን ልትወስድ ስትሄድ ነርሷ «ምን ይሰማዎታል?» እያለች ትጠይቃት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እናቴ «ደህና ነኝ፤ ልጄ ባለሙያ ናት፣ ጠባዩ ነው ብላኛለች» እያለች ትመለስ ነበር። ሰውነቷን ሲቆረጣጥማት ደግሞ እኔው በይማም እጅ ፓራሲታሞል ላክሁላት።

ማክሰኞ ከሰዓት ይማም ደወለ።

«እታለም፣ የእማ ዓይን ደፈረሰ።»

«እንዴት ደፈረሰ?»

«እንጃ። ነጩ ነጭ አልሆነልኝም። ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አየሁት፤ ወደ ቢጫ ያደላል።»

«እየበላች ነው?»

«ከጁምዓ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።»

«እኮ፤ ሳትበላ በምን ዓይኗ ይጠራል? አጥሚት አድርግላት። እሁድ እመጣለሁ።»

«እንዲያው ይዣት ብመጣስ?»

«መንገዱ እንዲህ እያለ የታመመ ሰው ለምን ታንገላታለህ?»

እውነት ነው፣ በዚያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ መንገድ ላይ መዋል የተለመደ ነበር። ግን ያን ያልኩት ስለ መንገዱ አይደለም። ጨርቅ የሚሸጥ ወንድሜ ስለ በሽታ የሚነግረኝ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጎረቤቶቿ ዓይኗን አይተው «የወፍ በሽታ ነው» አሉ። በእኛ አገር ዓይንና ገላ ቢጫ ሲሆን ስሙ ይኸው ነው፤ ሐኪም አያውቀውም፣ ቅጠል ነው የሚፈታው ይባላል። እኔ አትምጣ ብዬዋለሁ፤ እናቱ ፊቱ እየከሳች ነው። ከገበያ የሚያውቃቸውን ገበሬዎች ጠይቆ ሐሙስ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ገጠር ወደሚኖሩ አያ እንየው ወደሚባሉ ሽማግሌ ወሰዳት።

አያ እንየው አርሰው የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ መድኃኒቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ቅጠሉን ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው አንድ ሲኒ አጠጧት፤ የተረፈውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጧት። ከማጠጣታቸው በፊት ግን ጠይቀዋታል።

«ሌላ የሚውጡት ነገር አለ?»

ክኒኗን አሳየቻቸው።

«እንግዲያስ ሰባት ቀን ይተዉት» አሏት። «ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ አይገጥምም።»

ዓርብ ጧት ስደውል እናቴ ስለ ቅጠሉ አልነገረችኝም፤ እንደምቆጣ ታውቃለች። «ልጄ፣ ክኒኑን ለሰባት ቀን ባቆየውስ?» አለችኝ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም። ሆዴ እንቢ አለኝ።»

«እማ፣ አሁን ካቋረጥሽ የደከምንበት ሁሉ ገደል ይገባል። ዋጪ። ስልኩን ሳትዘጊ ዋጪ።»

ውኃውን ስትጎነጭ ሰማሁ። ቅዳሜ ጧትም እንዲሁ አደረግኋት።

በዚያው ቅዳሜ ይማም እኔን ሳይጠይቅ ይዟት መጣ። ሆስፒታል ደርሶ ነው የደወለልኝ። ጋውኔን እንደለበስኩ ሮጬ ሄድኩ። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ዓይኖቿ እርድ የተነከሩ ይመስላሉ። መዳፏን ገለበጥኩት፤ እሱም ቢጫ ነው። ያኔ ይማም ጉልበት አጠገብ የቆመው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ነገር አየሁ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«አያ እንየው የሚባሉ ሰው የሰጡን ነው። ሐሙስ ዕለት…»

«ቅጠል አጠጣሃት?»

«ረጋ በይ ሰዓዳ፣ ልንገርሽ…»

«እናቴን ገደልህብኝ። እኔ ስድስት ሳምንት የጠበቅኋትን አንተ ባንድ ሲኒ ቅጠል ገደልሃት።»

ከወዲያ የተቀመጠች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ቅጠል አጠጥቷት ነው» ስትል ሰማሁ። ይማም ወለሉን ያያል። እናቴ ሻሿን እያስተካከለች «ተይው፣ እሱ አይደለም» አለች። የእናት አንጀት ነው ብዬ አለፍኩት።

የተቀበለችን ሐኪም ዶክተር ሰብለ የምትባል ከእኔ የምታንስ ወጣት ናት። ጠርሙሱን እንደ ማስረጃ አቀረብኩላት። ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ደም ቅዱልኝ አለች። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጉበት የሚያጠቁት ቫይረሶች የሉባትም። በአልትራሳውንዱ የሐሞት ጠጠርም፣ የተዘጋ መስመርም አልታየም። የጉበት ቁጥሮቿ ግን ከልክ በላይ አሻቅበዋል፤ ደሟ በጊዜው መርጋት አቁሟል።

ዶክተር ሰብለ እናቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወረቀት አወጣች።

«የምጠይቃችሁ ማን እንዳጠፋ ለማወቅ አይደለም» አለች። «መድኃኒት ጉበትን መጉዳቱን ለይቶ የሚነግረን አንድ ምርመራ የለንም። ሌላውን ምክንያት አንድ ባንድ እናስወጣለን፤ ከዚያ ቀን ከቀን እናስተያያለን። ስለዚህ ቀኖቹን በትክክል ንገሩኝ።»

«ቅጠሉ ነው ዶክተር» አልኩ። «ምን እንዳለበት የማይታወቅ…»

«ሊሆን ይችላል። መቼ ነው የጠጡት?»

«ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ» አለ ይማም። ጻፈችው።

«ዓይናቸው ቢጫ የሆነውስ?»

ይማም ቀና ብሎ አየኝ። እንድናገር ጠበቀኝ።

«ዓርብ» አልኩ። «ዓርብ ሳይሆን አይቀርም።»

ያን ጊዜ ዋሽቼ ይሁን ወይስ ራሴ አምኜው እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ማክሰኞ የደወለልኝ ስልክ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር ብዬ ብምል ራሴንም አላምንም።

የተኛች መስላን የነበረችው እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ማክሰኞ ነው» አለች። «ይማም ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያየኝ ማክሰኞ ነው። ልጁን አታስወቅሱት።»

ዶክተሯ ወደሷ ዞረች። «ማስመለሱስ እናቴ፣ መቼ ጀመረዎት?»

«እሱማ ከዚያ ሁለት ሳምንት ይቀድማል።»

«ሽንትዎስ?»

«ጠቁሮ ነበር። እንደ ሻይ።»

«ይህን ያኔ ለሰው ነግረው ነበር?»

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ጣሪያውን አየች።

«ልብም አላልኩት» አለች። «ለማንም አልነገርኩ።»

ይማም ጆሮው ድረስ ቀልቶ አየሁት። የስልኩን ወሬ ሁሉ ያውቃል፤ ከእናቴ ጋር ስንደዋወል አጠገቧ ነበር። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። እኔም ዝም አልኩ። እናቴ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ለእኔ ዋሸች፤ እኔም ተቀበልኳት።

ዶክተር ሰብለ ወረቀቷን ወደኛ አዞረች። «ቢጫው ቅጠሉን በሁለት ቀን ይቀድመዋል። ማስመለሱ በሁለት ሳምንት። ቅጠሉ ጨምሮባቸው ይሆናል፣ እሱን ማወቅ አልችልም፤ ግን የጀመረው እሱ አይደለም። የቲቢው መድኃኒት ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ያደርጋል። ምልክቱ እንደታየ ቢቆም አብዛኛው ሰው ያገግማል። መጨረሻ የዋጡት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጧት» አልኩ።

ቀና ብላ ጋውኔን አየችው። «አንቺ የመድኃኒት ባለሙያ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ክኒኑ ሁሉ ቆመ፤ ጉበት ላይ ጫና የሚጨምረው፣ እኔ የላክሁላት ፓራሲታሞልም ጭምር። ግሉኮስ ተሰቀለላት፤ ደሟ እንዲረጋ የሚረዳ መርፌ ተሰጣት። እሁድ ትንሽ ቀለል አላት። ይማም ልብስ ሊያመጣ ወጥቶ ብቻችንን ስንሆን እጇን ያዝኩ።

«እማ፣ ነግረሽኝ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሽንትሽን። ማስመለሱን።»

«የታመመ ሰው ብዙ ይለፈልፋል። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ» አለች። ቀጠለች፦ «ለኔ አታልቅሺ። ለይማም ግን ሰው ፊት ያልሽውን ሰው ፊት አንሺለት።»

«እሺ እማ።»

«እሺ አትበይኝ። አንሺለት።»

ሰኞ አእምሮዋ ተምታታ። የሞተችውን እህቷን ስም እየጠራች አናገረችኝ። ልብስ ልትቀይርላት የመጣችውን ነርስ «ጥቁር አዝሙዱን አትንኪው፣ ገና አልደረቀም» አለቻት። ጉበት ሥራውን ሲተው መርዙ ወደ አእምሮ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ምን እያየሁ እንደሆነ ስሙን ሳይቀር አውቀው ነበር። ዶክተር ሰብለ ወደ ባሕር ዳር እንድትሄድ ወረቀቱን ጻፈች። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ይማም ቀኑን ሙሉ ከመናኸሪያው ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ መናኸሪያው ሲመላለስ ዋለ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ሲሆን እናቴ አረፈች። የቡሬው መንገድ ያን ቀን ክፍት ስለነበር ሳይመሽ ቀበርናት።

አሁን ወደማፍርበት ደረስኩ።

ለቅሶ ቤቱ በሰው ሞላ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ እናቴ ያልሸጠችለት ቤት አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ለገባው ሁሉ ትናገራለች። «ቅጠል አጠጧት እኮ። ጉበቷን በጣጠሰው። ምስኪን፣ የተማረች ልጅ እያለቻት።» ሴቶቹ ወደኔ ይዞራሉ። «አይደለም እንዴ ሰዓዳ?»

አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ልቅሶዬን አዎ አደረጉት። እንደሚያደርጉት አውቅ ነበር። በሦስቱ ቀን ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለቀስኩ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አያ እንየው መጡ። ሰምተው ኖሮ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከማንኩሳ ማዶ መጥተዋል። በር ላይ የቆሙት ጎረምሶች «ደግሞ ሊያዩ መጡ?» ብለው መንገድ ዘጉባቸው። ሽማግሌው ትንሽ ቆሙ፤ ከደጁ ላይ «ነፍስ ይማር» ብለው ተመለሱ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ይማም ከወንዶቹ መሀል ተነሥቶ ተከተላቸውና ክንዳቸውን ይዞ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። ያን ሲያዩ ወንዶቹ ተጠቋቆሙ። ከዚያ በኋላ ሰዉ «እናቱን ያስገደለበትን ሰው የሸኘ» እያለ ነው የሚጠራው። ገበያ ላይ ጨርቁን እየነኩ ሳይገዙ ማለፍ ጀመሩ። ወር ሳይሞላ ዕቃውን ሰብስቦ ደምበጫ ገባ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቼ ደምበጫ ሄድኩ። ገበያው መሀል ሻሽና ነጠላ ገመድ ላይ ሰቅሎ አገኘሁት። ከስቷል። በርጩማውን ለቀቀልኝና እሱ ጭነቱ ላይ ተቀመጠ።

«ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ» አልኩት። «እማን የገደላት አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ ዝም ያልኩ። ደውለህልኝ ነበር። እሷም ነግራኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «አልጋው አጠገብ አልነበርኩ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ? ለቅሶ ቤት ስንቱ ሲሰድብህ?»

አንዲት ገበሬ መጥታ የሻሽ ዋጋ ጠየቀችው። መለሰላት። ሄደች። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር ተናገረ።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያው ቀን ጠበቅሁ። ሰባቱ እስኪወጣ ጠበቅሁ። እኔ ብናገር እህቱ ላይ ሊያላክክ ነው ይሉኛል፤ ደግሞም እማ አልፈለገችም።»

«ይቅር በለኝ።»

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገሪ።»

ከዚያ በላይ አላወራንም። ስነሣ «በሰላም ግቢ» አለኝ፤ ለማንም ደንበኛ እንደሚለው።

በማግሥቱ ቡሬ ወረድኩ። እትዬ ዘሀራ ቤት ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሽንቷ እንደጠቆረ እንደነገረችኝ፣ ይማም ማክሰኞ እንደደወለልኝ፣ ቅጠሉ ሐሙስ እንደሆነ፣ ሽማግሌው ክኒኑን ተዪ ሲሏት እኔ ዋጪ እንዳልኳት። ምንም አላስቀረሁም። ስጨርስ እትዬ ዘሀራ ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እህት ማለት እንዲህ ናት» አለች። «ወንድሟን ከሰው አፍ ልታወጣ ራሷን ስታዋርድ።»

«እትዬ፣ እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ። አላህ ይውደድሽ። እኛም ከእንግዲህ አናነሣበትም።»

ሌሎቹም ተቀባበሉት። ምን ያህል ደግ እንደሆንኩ፣ እናቴ እንዴት አድርጋ እንዳሳደገችኝ አወሩ። ብምልም፣ ብገዘትም አልሰሙኝም። ውሸቴን ሳልናገር አምነውኝ ነበር፤ እውነቴን ስናገር ደግሞ ክብር ጨመሩልኝ። ይማም ላይ የነበረው ግን አልተነሣም። አሁን እሱ እናቱን የገደለ ብቻ አይደለም፤ እህቱ የምትዋሽለት ሰውም ሆነ።

የቀሩት አያ እንየው ነበሩ። እህል እያበራዩ አገኘኋቸው። ጥላ ሥር አስቀምጠው ሰሙኝ፤ አላቋረጡኝም።

«ክኒኑን ተዉት ያልኳቸውስ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ አትተዪ ያልኳት።»

«እኔስ አውቄ መሰለሽ እንዴ? አባቴ ሲል የሰማሁትን ነው ያልኩት። መጠጡም ጎድቷቸው እንደሁ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጠሁ።» መንሻቸውን አነሡ። «ሁለታችንም አላወቅንም ልጄ። እኔ ግን አለማወቄን አውቅ ነበር።»

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ዛሬም መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። መድኃኒት ጥሉ እያልኳችሁ አይደለም፤ የቲቢ መድኃኒት ከሚገድለው የሚያድነው እጅግ ይበዛል። ግን እሱን ወይም ሌላ ረጅም መድኃኒት እየወሰዳችሁ ምግብ ከጠላችሁ፣ ማስመለስ ከጀመራችሁ፣ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ በራሳችሁ አትወስኑ፤ አትጠብቁ። በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሰጣችሁ ሐኪም ሂዱና ደም እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ። ቅጠልም ጠጥታችሁ እንደሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ። ከመደርደሪያው ኋላ እንደኔ የቆመች ሴት «ጠባዩ ነው» ብትላችሁ አትመኗት። እንደኔ የምትሠሩ ደግሞ፣ ሰው ሁለት ቀለም ለይቶ ሲነግራችሁ ያው ነው አትበሉት። እኔ የጎደለኝ ዕውቀት አልነበረም።

እናቴን የምታውቁ የቡሬ ሰዎች፣ እንደገና የምነግራችሁ ስላላመናችሁኝ ነው። ይማም እስካሁን ስልኬን አያነሣም፤ አልፈርድበትም። ደምበጫ ገበያ ካገኛችሁት ጨርቁን ነክታችሁ አትለፉት፤ ሰላም በሉት። የእናታችንን ዓይን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያየው እሱ ነው።